ሳይቀመስ የተሰጠ ብርዝ

ማርሴይ፣ መስከረም 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

ተገኘ እትዬ በለጠች፣ ቤቱ ተገኘ። ከዚራ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ወጥተሽ ዛፍ ያለበትን መንገድ ስትይዢ በስተግራ፣ የግሪኩ ልብስ ሰፊ የነበረበት ቤት። ወኪሌ ወልደጻድቅ ውሉን በስሜ ተዋውሎልኝ ቁልፉን ኪሱ ከቶታል። ቡና ቤት ልከፍት ነው። ልመለስ ነው። ቴሌግራሙ አሁንም ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው፤ ሰላምታው እስኪደርስ ወሬው አላስቀምጥ አለኝ።

አሁን ሰላምታው ይድረስ። እንደምን ከረምሽ? ልጅሽ ውድነሽ እንደምን አለች? አሥራ አምስት ሞላት አይደል? ዐውደ ዓመቱን በደኅና ተሻገራችሁ ወይ? የእናትሽ የእማማ ጥሩወርቅ አምላክ ደጃችሁን ይጠብቀው። እኔ ባለቤቴ ሙሴ አንሪ ካረፈ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እሱ ለባቡሩ መካኒክነት ተቀጥሮ ድሬዳዋ ባይመጣ ኖሮ እኔ ማርሴይ የምትባል አገር መኖሯን ከትምህርት ቤቱ ካርታ በቀር የት አያት ነበር። አምጥቶኝ፣ ሰባት ዓመት አኑሮኝ ሄደ። እንግዲህ የሚያስቀረኝ የለም።

እንዴት ቡና ቤት ልከፍት እንደበቃሁ ላጫውትሽ፤ ታውቂኛለሽ፣ ማሳጠር አልችልበትም። ወደቡ አጠገብ ማዳም ሎር የምትባል ባልቴት ቡና ቤት አላት፤ እዚያ ነው የምሠራው። የዚህ አገር ሰው መጠጡን እየቀላቀለ ነው የሚጠጣው። ፓስቲስ የሚሉት አለ። የከዚራ ግሪኮች የሚጠጡትን ዑዞ ታስታውሻለሽ፣ ውኃ ሲነካው ወተት የሚመስለውን? የእሱ ወንድም በይው። በላዩ የናና ሽሮፕ ሲያፈሱበት እንደ ሣር አረንጓዴ ይሆናል፤ በቀቀን ይሉታል። ቀይ የሮማን ሽሮፕ ሲጨምሩበት ደግሞ ቲማቲም ይባላል። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ማዳም ሎር ቀምሼ እንዳውቀው ብላ ፓስቲሱን ብቻውን በትንሽ ብርጭቆ ሰጠችኝ። እኔ እንደኛ አረቄ መስሎኝ እንዳለ ጉሮሮዬ ውስጥ ደፋሁት። ለካ አንድ እጁን በአምስት እጅ ውኃ በጥብጠው ነው የሚጠጡት። አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ከወንበሩ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀልኝ።

በቀቀኑ የሳል መድኃኒት የሳል መድኃኒት ይላል። ቲማቲሙ ለልጅ የሚሰጥ ይመስላል፤ ኋላ ግን ጉልበት ይይዛል። ከሁሉ የወደድሁለት ጠባዩን ነው። ይህ መጠጥ አይደበቅም። ውኃ እንደነካው ይነጣል፤ ማን ምን እንደያዘ ከደጅ ሆነሽ ታውቂያለሽ።

አሁን ደግሞ የሚያስቅሽን። መጀመሪያ ለሰው ስቀዳ እጄ በለመደው መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ። እማማ ጥሩወርቅ በጠጅ ቤታቸው ሁለታችንን ያስተማሩንን፣ የቀዳ ይቀምሳል የሚሉትን። የወደቡ ወዛደሮች ሳቁ። በሳምንቱ ግን አንዱ፣ «የኔን ለምን አልቀመስሽም? እኔ ሰው አይደለሁም?» ብሎ ተቆጣ። ዛሬ መዳፌ ካልረጠበ የሚጠጣ የለም። ከሌላ ሰፈር ሰው እየመጣ መዳፏን የምትቀምሰዋ ሴትዮ የታለች ይላል። እኔም እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ለአንድም ሰው ሳልቀምስ ሰጥቼ አላውቅም።

አንድ ልመና አለኝ። ቤቱን የምከፍተው ለዳግማዊ ትንሣኤ ነው። የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ከእጄ ተቀብለሽ አንቺ ጠጪልኝ። ወልደጻድቅ፣ የገዛ አክስትሽ ልጅ በለጠች ካልጠጣችልሽ ድሬ አትጠጣልሽም ብሎኛል፤ እውነቱን ነው። ያለኝን ሁሉ በዚህ ቤት ላይ አፍስሼዋለሁ። በባቡሩ ሰው እጅ አንድ ጠርሙስ የናና ሽሮፕ ልኬልሻለሁ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ሞክሪው።

ዘነበች


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 29 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለክብርት ማዳም ዘነበች፣
ማርሴይ።

ጤናዬን ስለጠየቁ እግዜር ይስጥልኝ፤ ጤና ነኝ። ደብዳቤዎ በጥቅምት ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ንዴቴ ይብረድ ብዬ ነው። አልበረደም።

እኔ እየነገርሁ ልጄ ውድነሽ ትጽፋለች። እማዬ ትንሽ ላለስልሰው ወይ ብላኛለች። እንዳልሁሽ ጻፊ ብያታለሁ።

በቀቀንም ይጠጡ፣ ቲማቲምም ይጠጡ፣ ለሆድዎ አላዝንም። መዳፍዎ ላይ ጠብ አድርገው እንደሚቀምሱና ለዚህም ፈረንጅ እንደሚያጨበጭብልዎ ግን ጽፈዋል። እናቴ ያስተማረችዎን ለወደብ ተሸካሚ አደረሱት። ለባሌ ግን ነፈጉት።

ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ። በ1944 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ክፍሉ ቁልቢ ገብርኤል ደጅ ቆሞ፣ ልጄን ከዚህ ሕመም ካወጣህልኝ አረቄ ባፌ አይዞርም ብሎ ተሳለ። ውድነሽ ዳነች። ነሐሴ 24 ቀን ለርስዎ ሽኝት ተብሎ ሲደገስ፣ ስለሱ ብዬ አረቄ ከደጅ እንዳይገባ ከለከልሁ። ሌላው ጠጅ ሲጠጣ እሱ ብርዝ ነበር የያዘው። እርስዎ ለሠላሳ ሰው ቀዱ፤ ለሠላሳውም ቀመሱ። የክፍሉን ብርዝ ከጓዳ ይዘው ወጡና ሳይቀምሱ ሰጡት። እኔ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ጨለጠው፤ እኔን እንኳ ሳይሰናበት ወዲያው ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በድልድዩ መሄዱን ትቶ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አቋረጠ። ደቻቱ ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ከተማው ጠራራ ሆኖ ተራራው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ እንዴት እንደሚመጣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ድምፁን ከሩቅ ይለያል። ያን ቀን አልለየም፤ ጎርፉ ወሰደው። ምን አደነዘዘው? ማርና ውኃ ሰው አያደነዝዝም።

እርስዎም አርባው ሳይወጣ ከሙሴዎ ጋር ባቡር ተሳፈሩ።

አሥራ አንድ ዓመት የጠየቅሁዎ አንድ ነገር ነው፤ አሁንም እሱኑ ነው። ለምን አልቀመሱም? ይህን እስኪመልሱ ከእጅዎ ውኃ አልቀበልም። እኔ የማልጠጣበት ቤት ማን እንደሚጠጣ ደግሞ አብረን እናያለን።

የላኩት አረንጓዴ ነገር ደርሷል። በውኃ በጥብጬ ለዶሮዎቼ ሰጠሁ። አልጠጡትም።

በለጠች ተድላ

አክስቴ፣ እማዬ ፖስታውን ሳታሽግ ነው ይህን ጠርዙ ላይ የምጨምረው። ዶሮዎቹ አልጠጡትም፤ የተረፈውን እኔ ጠጣሁት። ይጣፍጣል። ውድነሽ።


ማርሴይ፣ ጥር 8 ቀን 1955 ዓ.ም.

እትዬ በለጠች፣

እርስዎ አልሽኝ። ጀርባሽ ላይ አዝለሽ ደቻቱን ያሻገርሽኝ፣ ንፍጤን በነጠላሽ ጫፍ የጠረግሽልኝ ሰው፣ እርስዎ አልሽኝ። ስድቡን ሁሉ አንብቤ ያን ያህል አልከፋኝም፤ ይህ ግን ምግብ ከለከለኝ። ማዳም ሎር ሰው ሞተብሽ ወይ አለችኝ።

ይሁን። ጤናሽን ያብዛው፤ የእንግዳ ጤና ነኝ ማለትም ከዝምታ ይሻላል። ጸሐፊሽንም ሳሚልኝ። ምንኛ የሚያምር ፊደል አላት፤ የጻፈችውን ሁሉ ደጋግሜ አነበብሁት፣ ጠርዙንም ጭምር።

በፈረንጆቹ ገና ማግስት ማዳም ሎር አዲስ ነገር አሳየችኝ። መራራ ብርቱካን ከነልጣጩ ቆራርጣ በወይን ዘፈዘፈችው፤ ስኳርና ጠንካራ አልኮል ጨመረችበት፤ ማሰሮውን በጨርቅ አሰረችው። «መቼ ይደርሳል?» አልኋት። «አርባ ቀን ይቀመጣል» አለችኝ። አርባ ስትል ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። «አርባ ቀን ምን ያስደነግጣል? ወይን እኮ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

አርባውን ሳልቆም መሄዴን ጽፈሻል። ያኔ መርከቡ አልጠብቅ ብሎኝ ነው ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ሌላ መርከብ ነበረ። ዓይንሽን ማየት አቅቶኝ ነው የሄድሁት።

ለምን እንዳልቀመስሁ ጠይቀሻል። በዚህ ወረቀት ላይ አልመልስልሽም። ስመጣ፣ በር ዘግተን፣ ለአንቺ ለራስሽ ጆሮ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ የፈለግሽውን ስም ስጪኝ። አንድ ነገር ብቻ እወቂልኝ። እዚህ አገር ያልቀላቀልሁት መጠጥ የለም፤ ብርዝ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በእጄ በጥብጬ አላውቅም።

አሁን እንኳ እንዲህ እየተባባልን ሥራዬን አልተውሁም። የዚህ አገር ሰው ጠጅን እንዲያውቀው ብዬ ልጥል ነው፤ ማር አግኝቻለሁ፣ ጌሾ ግን የለም። እባክሽ ጌሾ ላኪልኝ። ስድብ ጠቅልለሽበትም ቢሆን ላኪው።

ዘነበች


ድሬዳዋ፣ የካቲት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለማዳም ዘነበች፣

ጌሾ ጠይቀዋል። ጌሾ ለሚቀምስ ሰው ነው።

በር ተዘግቶ ይነገራል ያሉትን ሰምቻለሁ። ባሌ የሞተው በር ተዘግቶ አይደለም፤ በቀን፣ አገር እያየ ነው።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። ለዕድራችን ሴቶች አንድ ባንድ ነግሬያለሁ፤ ከዚያች ሴት እጅ እንዳትጠጡ ብያለሁ። ማዘጋጃ ቤትም ገብቼ ለዚህች ሴት የመጠጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ አቤቱታ አስገብቻለሁ። ምስክር አለሽ ወይ አሉኝ። አለኝ። ደቻቱ ዳር የጭነት መኪና የሚያቆመው ሾፌሩ ጃማዕ ዐያንሌ፣ የክፍሉ ጓደኛ፣ ያን ቀን ወደ ጀልዴሳ የሚሄድ ዕቃ እያስጫነ ነበር። ክፍሉን በሕይወቱ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው እሱ ነው። ሲንገዳገድ አይቶታል ሲባል ሰምቻለሁ። እሱን ለፈቃድ ሹሙ ይናገርልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።

ለዳግማዊ ትንሣኤ ያሉት ቤት ይክፈቱት። ወልደጻድቅ ብቻውን ይጨፍርበት።

በለጠች ተድላ


ማርሴይ፣ መጋቢት 24 ቀን 1955 ዓ.ም.

በለጠች፣

ዛሬ እትዬ አልልሽም፤ ተራው የኔ ነው።

ወልደጻድቅ ፈቃዱ በአቤቱታሽ ምክንያት እንደታገደ ጽፎልኛል። ለትንሣኤ የሚባል ነገር የለም። አልጋዬን ሸጫለሁ፣ ቁም ሣጥኔን ሸጫለሁ፣ የሰኔ መርከብ ትኬት ቆርጫለሁ። ሴትዮ፣ እኔ የምገባበት ሌላ ቤት የለኝም። ይህን አውቀሽ ነው የምታደርጊው። ክፍሉን ከቀበርሽው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ቂምሽን ግን አልቀበርሽውም። በየጠዋቱ ታጥቢዋለሽ፣ ታጎርሺዋለሽ፣ አሁን ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ይዘሽው ሄድሽ።

ጃማዕን ግን ተይው። እለምንሻለሁ፤ ጃማዕን አትጠይቂው። ለራሴ ብዬ አይደለም። ይህን ስጽፍ ለሰሚው እንዴት እንደሚመስል አላጣሁትም፤ ቢሆንም አትጠይቂው። አቤቱታሽን በፈለግሽው ሌላ ነገር አቁሚው። ሰካራም ናት በይ፣ የፈረንጅ ሚስት ነበረች በይ፣ ስሜን እንዳሻሽ አድርጊው። በሌላ ምስክር ክሰሽ አስቀሪኝ፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ወዛደሮቹ መሄዴን ሰምተው እሑድ ከወዲሁ ሸኙኝ። ዘጠኝ ነበሩ። ዛሬ አንቺ ትቀመጫለሽ እኛ እንቀዳለን አሉና እያንዳንዱ ያገሩን ቅልቅል ሠራልኝ። አንዱ ወይን በሎሚናት፣ ሌላው ፓስቲስ በሁለት ሽሮፕ፤ ቀለሙን አንቺ ብታዪው ለግድግዳ ነው ትይ ነበር። እናም በተራ፣ አንድም ሰው ሳያዛቸው፣ ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ እያደረገ ቀመሰና ሰጠኝ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ የእማማ ጥሩወርቅ ሕግ ባሕር ተሻግሮ ዘጠኝ ፈረንጅ እጅ ላይ ሲፈጸም እያየሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያፈረስሁትን ቀን አስታወስሁ። የሠሩልኝን ሁሉ ጠጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬን አልደብቅሽም። ከነደስታዬ ግን አልሳቅሁም።

ዘነበች


ማርሴይ፣ ግንቦት 27 ቀን 1955 ዓ.ም.

እትዬ በለጠች፣

ሁለት ወር ሞላው፤ መልስ የለም። ስድብ እንኳ የለም። ታመሽ እንደሆነ ወልደጻድቅን ጠይቄው ነበር፤ በመንገድ አይቻታለሁ፣ ሰላምታ ስሰጣት አንገቷን ደፍታ አለፈች ይላል። አንቺ አንገት የምትደፊ ሰው አልነበርሽም። ጃማዕን ጠየቅሽው መሰለኝ።

መርከቡ ሰኔ 24 ቀን ይነሣል። ጅቡቲ ሐምሌ 4 ቀን እደርሳለሁ። የምትይኝ ካለ ጅቡቲ ፖስታ ቤት በስሜ ይቀመጥልኝ። አትምጪ ካልሽኝ ከዚያው እመለሳለሁ። ወዴት እንደምመለስ ግን አላውቅም።

ዘነበች


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 26 ቀን 1955 ዓ.ም.

ዘነበች፣

ይህን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ፊደሌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ ታገሺው፤ ውድነሽ አልጻፈችውም፣ አታነበውምም። አንቺም አንብበሽ ስትጨርሺ ባሕር ውስጥ ጣይው። ጅቡቲ ባሕር አይታጣም።

ጃማዕን አትጠይቂው ብለሽ ስትጽፊ፣ ያዝኋት አልሁ። ደብዳቤሽን ውድነሽ አንብባልኝ ሳትጨርስ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ጃማዕ መኪናው ሥር ተኝቶ ብሎን ሲፈታ አገኘሁት።

«ጃማዕ፣ ክፍሉ ሲንገዳገድ አይተሃል። ማዘጋጃ ቤት መጥተህ ያየኸውን ትናገርልኛለህ» አልሁት።

«ተይኝ አቦ፣ እትዬ በለጠች» አለ፤ ከመኪናው ሥር እንኳ አልወጣም።

«ለምን እተውሃለሁ?»

«አማና አለብኝ። የሞተ ሰው አደራ አይበላም።»

በማግስቱ ሄድሁ፤ ወደ ዋሂል ዕቃ ይዞ ሄዷል አሉኝ። በሳምንቱ ሄድሁ፤ አይቶኝ በወዲያኛው በር ወረደ። ከትንሣኤ በኋላ አንድ ቀን በማለዳ መጥቼ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጥሁበት። «በውድነሽ አምላክ» አልሁት። ያን ጊዜ መፍቻውን አስቀምጦ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«መርዝ ትያለሽ አሉ» አለኝ። «ወላሂ፣ መርዝ የጠጣ ሰው አይዘፍንም። ክፍሉ እየዘፈነ ነው የመጣው። መጥቶ አቀፈኝ፤ አፉ አረቄ አረቄ ይላል። አንተ፣ ገብርኤልህስ? አልሁት። ሳቀ። ዛሬን ብቻ ነው፣ ለምኛት ዘነበች በብርዝ ደብቃ ሰጠችኝ አለ። በለጠች አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ዘነበች መዳፏ ላይ ብታፈሰው ሽታው ይወጣ ነበር፤ እኔን እንዳታጋልጥ ብላ ነው ሕጓን ያፈረሰችው አለኝ። ለበለጠች እንዳትነግር፣ አማና አለ። ኋላ፣ በድልድዩ ሂድ፣ ተራራው ጠቁሯል አልሁት። አንተ የግመል ሰው፣ ውኃ ትፈራለህ ብሎኝ ወረደ። አሸዋው መካከል ሲደርስ ዞሮ እጁን አወዛወዘልኝ። ከዚያ ድምፁ መጣ።»

ከመኪናው ደረጃ ወርጄ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ሳይሰናበተኝ ለምን እንደወጣ አሥራ አንድ ዓመት ስጠይቅ ነበር። ትንፋሹን እንዳልሸተው ብሎ ነው። ተቆጥቶኝ ነው እል ነበር፤ ወይም ያ የሰጠሽው ነገር ሆዱን ይዞት ነው እል ነበር።

አንቺም ለምን ዝም እንዳልሽ ገባኝ። ስለት ከፈረሰ ሕመሙ በተሳለለት ሰው ላይ ይመለሳል እየተባልን ነው ያደግነው። ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ የአራት ዓመት ልጄን በያንዳንዱ ሳል እያየሁ አብድ ነበር። አሁን ደግሞ ደብዳቤሽን የምታነብልኝ ልጅቷ ራሷ ናት፤ ጠርዙ ላይ የጻፈችልሽንም ኋላ ነግራኛለች። አባትሽ በአንቺ የተሳለውን አፈረሰ የሚል ቃል በገዛ አፏ እንዳታነብ ብለሽ ገዳይ መባልን መረጥሽ።

ይቅር አልሁሽ ማለቴ ግን እንዳይመስልሽ። አልተበደልሁም አላልሁም። ያቺን ጠብታ መዳፍሽ ላይ አድርገሽ ቢሆን ይሸተኝ ነበር፤ ብርሌውን ከእጁ እነጥቀው ነበር፤ እሱም እዚያው ተቀምጦ ሲነጫነጭ ጎርፉ ባዶ አሸዋ ያገኝ ነበር። እንግዲህ በደለኛ ነሽ። እሱም ለምኖሻልና እሱም በደለኛ ነው። ገዳይ ግን አይደለሽም። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ይዤ አሥራ አንድ ዓመት በየልቅሶውና በየሠርጉ ስምሽን ጠርቻለሁ። ይህ ደግሞ የኔ ነው፤ ከአንቺ ጋር አላካፍለውም።

ግንቦትን ሙሉ ዝም ያልሁት ይህን የምጽፍበት ቃል አጥቼ ነው። ስድብ ስጽፍልሽ ቃል ቸግሮኝ አያውቅም።

አቤቱታዬን ከማዘጋጃ ቤት አንሥቻለሁ። ጸሐፊው ለምን አነሣሽው አለኝ። አንተ ማኅተምህን ምታ አልሁት። ፈቃዱ ሰኞ ወጥቶ ወልደጻድቅ እጅ ገብቷል። ሲያየኝ ሊያቅፈኝ ነበር፤ እዚያው ሁን ብዬዋለሁ።

አትምጪ አላልሁሽም። ነይ። ቤትሽን የምትከፍቺበትን ቀን ግን አንቺ አትወስኚም፤ እኔ ወስኜዋለሁ። ሐምሌ 19 ቀን ቁልቢ እወጣለሁ። በክፍሉ ስም ጥላ ለገብርኤል አስገባለሁ፤ እሱ ያፈረሰውን እኔ እከፍልለታለሁ። ውድነሽም አብራኝ ትሄዳለች፤ ለአባትሽ ነፍስ ነው ብያታለሁ፣ ይህም ውሸት አይደለም። ቅዳሜ እንመለሳለን።

ብርዙን እኔ እበጠብጣለሁ። ከጀልዴሳ ማር ታዝዟል፤ በእናታችን ማሰሮ ይዤው እመጣለሁ። አረቄውን አንቺ አዘጋጂ። ጓዳ ግቢና ለእሱ በቀላቀልሽለት ልክ ቀላቅይልኝ። ልኩን ረሳሁት እንዳትይኝ፤ የረሳ ሰው ብርዝ መበጥበጥ አያቆምም። ይዘሽልኝ ስትወጪ እንደዚያን ቀን አጠገብሽ እቆማለሁ። በሰው ሁሉ ፊት መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርጊ። ቅመሽ። ስትውጪ ልይሽ። ከዚያ ስጪኝ። ሌላው ሰው ብርዝ ነው ይበል፤ ምን እንዳለበት ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አይኑር። ምን ጠጥቶ እንደሄደ በአፌ ላውቀው እፈልጋለሁ።

ጨርሼው ብርሌውን ከመለስሁልሽ በኋላ የሚሰደብ ነገር ከተረፈኝ እሰድብሻለሁ። የሚተርፈኝ ይመስለኛል።

ከእጇ እንዳትጠጡ ያልኋቸውን የዕድር ሴቶች እንደገና በየቤታቸው ዞሬ፣ ነጠላችሁን አጥባችሁ ኑ ብያቸዋለሁ። ዘጠኝ ቤት ቀርቶኛል፤ ነገ እጨርሰዋለሁ። «ያቺ ሴት አይደለችም ወይ?» ያሉኝ አሉ። «እሷው ናት፤ የሰማችሁትም ከኔ ነው፣ አሁንም የምትሰሙት ከኔ ነው» አልኋቸው። የባቡሩ ሰዎች ይመጣሉ። ጃማዕም ይመጣል፤ ለሱ አረንጓዴውን ሽሮፕ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ አድርጊለት፣ መዳፍሽ ላይ ግን እንደ ሰው ሁሉ ቅመሽለት። ለውድነሽም እንደዚያው፤ ዶሮዎቼ ባይወዱትም እሷ ወዳዋለች።

ሐምሌ 21 ቀን፣ እሑድ፣ የማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከዚራ፣ የግሪኩ ልብስ ሰፊ በነበረበት ቤት። ማንም እንዳይቀር።

በለጠች